በእህቴ ሠርግ ወንበር ስገለብጥ

የምሠራው የፕላስቲክ ወንበር ፋብሪካ ውስጥ ነው፤ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀልጦ ሻጋታው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ በሁለት አቅጣጫ ዞሮ ይገናኛል። ትኩስ እያለ ከተገናኘ አንድ አካል ይሆናል። ከቀዘቀዘ ግን ተጣበቀ እንጂ አልተዋሃደም፤ ጸጉር የመሰለ መስመር ይተዋል፤ ክብደት ሲበዛበት የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው። ዓይን ያታልላል፤ እኔ የማምነው ጥፍሬን ነው። መስመሩ ላይ ሳስኬደው ከያዘኝ ወንበሩ ወደ መፍጫው ይመለሳል። ከዚህ ሥራ የተረፈኝ አመል፣ ሰው ቤት ሄጄ ወንበር ሳልገለብጥ አለመቀመጥ ነው። እናቴ "ሰው ምን ይለናል?" ማለት ሰልችቷታል።

የታናሽ እህቴ ሠርግ ዕለት፣ ሲቀላ ሰፈር በተተከለው ድንኳን ውስጥ የተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች የእኛው ፋብሪካ ሥራ ነበሩ። ኮራሁ። ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። ያሳደጉን አጎታችን ከካምባ መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። ዳሌያቸው ተሰብሮ ወራት ተኝተው፣ በከዘራ መራመድ የጀመሩት ገና በቅርቡ ነው። ሐኪሙም "ዳግመኛ ከወደቁ አይድንም" ብሏቸዋል። ሰላም ልላቸው ስጠጋ የወንበራቸው የፊት እግር ላይ ያንን መስመር አየሁት። ከእጃችን አምልጦ የወጣ ነው። ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ ብዬ በጥፍሬ ዳሰስኩት። ያዘኝ።

የሙሽራው ዘመዶች እያዩ ሽማግሌን "ከዚህ ይነሡ" ማለት ነውር ነው። የአጎቴን እልህ ደግሞ አውቀዋለሁ፤ "ምን ሆኜ ነው የምነሣው?" ብለው ጭራሽ ተደላድለው ይቀመጣሉ። እንዲያውም በሰው ቀልድ ስቀው ወደ ፊት ሲያዘነብሉ ወንበሩ ሲጥ አለ።

"ጋሼ፣" አልኳቸው ጮክ ብዬ፣ "ምሳ ሳይቀርብ ይጸልዩልን!"

እናቴ አፈጠጠችብኝ፤ ጸሎቱ የፓስተሩ ድርሻ ነበር። በእኛ ቤት ግን ተቀምጦ የሚጸልይ የለም። አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ፤ ዓይን ሁሉ ተጨፈነ። ወንበሩን ቀስ ብዬ ሳብኩና ቀድሜ ገልብጬ ያየሁትን የራሴን ወንበር አስጠጋሁላቸው። ጸሎታቸው ረጅም ነው፤ ሌላ ቀን ያማርረኛል። ያን ቀን ግን ከሁሉም በላይ "አሜን" ያልኩት እኔ ነኝ።

ተቀመጡ። ወንበሩ ድምፅ አላሰማም። እፎይ! እኔም እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።

አጎቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"ያኛው ወንበር ሲጮህ እኔም ሰምቼዋለሁ" አሉኝ። "ሰው ፊት 'ፈራሁ' ማለት አቅቶኝ ነው የተቀመጥኩት። ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ።"