የእህቴ ልጅ ጫማዋን ያወለቀች ለት

አልቆነጠጥኳትም አልኳችሁ እኮ። በከረሜላም አላታለልኳትም፤ ለሚቆርብ ልጅ ከረሜላ የሚያሳይ ማነው? ሁለተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ባቆምም እሱን አላጣውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ አራስ ናት። እሷ ቤተ ክርስቲያን መግባት ስለማትችል፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆናትን ትልቋን ልጅ እኔ እንዳስቆርብላት ለመነችኝ።

«አደራ ወንድምዓለም፣ እንዳታስለቅሳት» አለች። የምታለቅስ ልጅ ቁርባኑን ትተፋለች፤ ያ ደሞ ከባድ ነገር ነው። ቄሱም እያለቀሰች አያቆርቧትም። እኔ ግን በላሊበላ ዳገት ላይ ባጃጅ በአንድ እጅ የምነዳ ሰው በአንዲት ፍሬ ልጅ አልሸነፍም ብዬ ደነፋሁ።

ተሸነፍኩ። ያውም በሩ ላይ፣ ጫማ ሲወለቅ።

አባቷ ከኩልመስክ ገበያ ቀይ የላስቲክ ቦት አምጥቶላት፣ ስትተኛም አታወልቀውም። አውልቂ አልኳት። እንቢ። ኮስተር አልኩባት፤ እሷም ኮስተር አለችብኝ። አንድ እግሯን ብይዝ በሌላው አፍንጫዬን አለችኝና መሬት ላይ ተዘረረች። ውስጥ ቅዳሴው እየተገባደደ ነው። ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የኔም።

ያኔ ወደ እግሬ ጠቆመች። «አንተም» አለች።

ባይ፣ ለካ እኔም አላወለቅሁም! ያን ሁሉ ትእዛዝ የምሰጠው ጫማዬን እንደተጫማሁ ነው። ቁጭ ብዬ ማሰሪያውን ብፈታ፣ ለሰርግ ያሰርኩት ይመስል ተቋጥሮ እንቢ አለ። እሷ ተነሳችና ጎንበስ ብላ ተረከዜን ይዛ ትጎትት ጀመር። ጫማው ሲወጣ አውራ ጣቴ በካልሲው ቀዳዳ ብቅ አለ። ከት ብላ ሳቀች። በሩ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ ጣትህንም ነጠላ አልብሰው» አሉኝ፤ ሴቶቹ ሁሉ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

እኔም ሁለተኛውን ራሴ አወለቅሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ያንቺንስ ማን ያውልቅ?» አልኳት።

«እኔ።»

ራሷ አወለቀች። አጠገቤ አስቀመጠችውና ጣቴን ይዛ አስገባችኝ። ቄሱ ፊት ስንደርስ አፏን ከፈተች፣ ቆረበች፣ በትንሽ እጇ አፏን ከደነች። አንዲት ጠብታ እንባ የለም።

አሁን ባጃጅ ተራው ላይ ልጅ ማሳደግ ከፈለጋችሁ እኔን ጠይቁ እያልኩ ነው። እሷ ናት ያስገባችህ የሚሉኝ አሉ። እኔ ምን ቸገረኝ፤ ቆርባለች። ካላመናችሁ ያን ለት በሩ ላይ የነበረ ሰው ሂዱና ጠይቁ።