የአባቴ የህንድ ዘፈን ደብተር

አባቴ የህንድ ፊልም ወዳጆችን ለሁለት ይከፍላቸው ነበር። ተራው ሰው ፍቅረኞች ዛፍ ለዛፍ እየተሯሯጡ የሚዘፍኑበትን ይወዳል። ጆሮ ያለው ግን የአማልክቱን ፊልም ነው የሚመርጠው። የካርቶን ዘውድ የደፉ ነገሥታት፣ ሰማይ ላይ የሚላተሙ ቀስቶች፣ ፊቱን ሰማያዊ የተቀባ አምላክ፣ ይሄ ሁሉ ለእሱ ዘፈኑ እስኪመጣ በትዕግሥት የሚያሳልፈው ነገር ነበር። መጀመሪያ ዋሽንቱ ይገባል፤ ቀጥሎ ትንሿ ጸናጽል፤ ከዚያ ያቺ ቀጭን የሴት ድምፅ። «እዚች ጋ ስሚ፣ ልትወጣ ነው… ወጣች!» ይለኛል፣ እጁን ወደ ላይ እየላከ። እኔም አብሬያት እወጣ ነበር።

ጎረምሳ ሳለ አዲስ አበባ ሲኒማ ቤት ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ የማያውቀውን ቋንቋ በእኛ ፊደል ደብተር ላይ ይገለብጥ ነበር። አንድ ጊዜ ሲገባ የሚይዘው አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤ ለሚቀጥለው ስንኝ ሌላ ቀን ያንኑ ፊልም ደግሞ ይገባል። ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበትን ያንን ደብተር፣ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ሬንተን ከተማ እኔ ጋ ሲመጣ ከዳዊቱ ጋር በእጅ ሻንጣው ይዞት መጣ።

ሥራው ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር መግፋት ነበር። ከደብተሩ ዘፈኖች ሁሉ አንዱን፣ ዝግ ያለውን፣ ይወዳል። ጫማውን ሲጠርግ እሱኑ፣ ጢሙን ሲላጭ እሱኑ ነው። ሕፃን ሳለሁ ያስተኛኝ የነበረውም በዚያው ዘፈን ነው። በጾም ሳይቀር ያንጎራጉረዋል። «አባዬ፣ ሁዳዴ ነው እኮ» ስለው፣ «ትርጉሙን የማላውቀው ዘፈን ጾም አያስገድፍም» ብሎ ይዘጋኛል።

ሰፈራችን አንዲት ህንዳዊት ሱቅ ነበራት። በሁዳዴ ምስሩንም ሽምብራውንም የምንገዛው ከእሷ ነው። አንድ የሁዳዴ ቅዳሜ አባቴ ምስር በላስቲክ እየዘገነ፣ እንደ ልማዱ ያንን ዘፈን ማንጎራጎር ጀመረ። ሴትየዋ ከካውንተሯ ወጥታ መጣች። ሁለት መዳፎቿን ደረቷ ላይ ገጥማ ትንሽ ሰማችውና አብራው ቀጠለች። አባቴ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ እድሜ ልኩን ሲጠብቃት የነበረች አጃቢ የመጣች ይመስል ድምፁን ከፍ አደረገ። ሲጨርሱ ዓይኗን ጠረገችና በእንግሊዝኛ ለእኔ ነገረችኝ። እናቷ ጠዋት ጠዋት ለአምላካቸው መብራት ስታበራ የምትዘምረው መዝሙር ነው።

«ምን አለች?» አለኝ አባቴ። ፊቱ በርቷል።

«ድምፅህ ያምራል አለች» ብዬ ባልፈው ምን ነበረበት? እኔ ግን በእንግሊዝኛዬ የምኮራ አስተርጓሚው ነበርኩ፤ ክሊኒክም ባንክም ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ። ስለዚህ ተረጎምኩለት። «ለአምላካቸው የሚዘመር ነው አለች፣ አባዬ። ለጣዖት።»

ጣዖት የሚለውን ቃል ሴትየዋ አላለችውም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።

አባቴ የዘገነውን ምስር ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ለሴትየዋ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና ወጣ። መኪና ውስጥ «ቤተ ክርስቲያን አድርሺኝ» አለኝ። ከንስሐ አባቱ ጋር ብዙ ቆየ፤ እኔ ፓርኪንጉ ላይ ጥፍሬን እየበላሁ ጠበቅኩት።

«አባ ምን አሉህ?»

«‹ሳያውቁ ላደረጉት እግዜር ይቅር ይላል፤ አሁን ግን አውቀዋልና ይተዉት› አሉኝ።» ቀበቶውን ካሰረ በኋላ ፈገግ እንደማለት አለ። «ዜማውን እሳቸውም ያውቁታል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስሳሳት አረሙኝ።»

ከዚያ ቀን ወዲያ ዘፍኖ አያውቅም። ጢሙን ሲላጭ የሚሰማው የምላጩ ድምፅ ብቻ ሆነ። የድሮ ፊልሞቹን በዲቪዲ ገዝቼለት ነበር፤ ያያቸዋል፣ ዘፈኑ ሊመጣ ሲል ግን ውኃ ልጠጣ ብሎ ይነሳል። «ያቺን ቃል እኔ ነኝ የጨመርኳት» ልለው ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሷል። ነገ ዛሬ ስል ዓመታት አለፉ፤ በሁለት ሺህ አሥሮቹ አጋማሽ አባቴ አረፈ።

ለአርባው ምስር ልገዛ ስሄድ ሴትየዋ ጸጉሯ ነጥቷል። «ዘፋኙ አባትሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ነገርኳት። እጄን ያዘችና መዝሙሩን ከየት እንደተማረው ጠየቀችኝ። በማግስቱ ደብተሩን ወሰድኩላት። ከሞተ ወዲህ ስከፍተው የመጀመሪያዬ ነበር።

ያንን ዘፈን ፈልጌ አወጣሁት። በእርሳስ የተጻፈው ደብዝዟል። ከላዩ ላይ ግን በአዲስ ሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በመጨረሻው ዓመት እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ በኋላ በነበረው ጽሑፉ፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ይላል።

አባቴ ደብዳቤም ቢሆን በስመ አብ ሳይል የማይጀምር ሰው ነበር። ዘፈኑን አልጣለውም። ክርስትና አንስቶ አስቀምጦታል። በዚያ ዓመት አንድ ቀን «አባዬ፣ እስቲ ዝፈንልኝ» ብለው ኖሮ ይዘፍንልኝ ነበር። አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር የሚለየን፤ አላልኩትም። ካውንተሩ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሴትየዋ ውኃ ሰጠችኝና ሰማያዊውን ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። «ይሄ ምን ይላል?»

«የአባቴ ጸሎት ነው» አልኳት። ምንም አልጨመርኩበትም። ከዚያ እንደ ጽሑፉ በስመ አብ ብዬ አማተብኩና ዘፈኑን ከመጀመሪያው ስንኝ ጀመርኩ። እሷም መዳፎቿን ገጥማ ገባች። ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ጋ ስንደርስ እጄ ሳላዘው ወደ ላይ ሄደ።