ሃያ ሜትር ካፖርት

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። በአውቶቡስ ድርጅቱ ጋራዥ፣ ከጎማ መጋዘኑ ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የወንበር ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ የኋላ ወንበር ልብስ ትገጣጥማለች። የአሥራ ሁለት ቁጥር አውቶቡስ ሾፌር መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ይህ ሰው ሌላ ጊዜ ሲገባ ከእግሩ ቀድሞ ቀልዱ ነበር የሚገባው። ዛሬ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዟል።

«ምን ሆነሃል? ሰው ገጨህ እንዴ?» አለችው።

«ጋሽ ካፖርት አረፉ» አላት። «ሌሊት፣ በእንቅልፋቸው። አሁን በሬዲዮ ተናገሩ።»

ስፌት መኪናው ቆመ። ቀና ብላ ከበሩ ጀርባ ያለውን ሚስማር አየች። የሟቹ ካፖርት እዚያው ተንጠልጥሏል፤ ባለፈው ቅዳሜ በገዛ እጃቸው እንደሰቀሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቹ የከተማው ትልቁ ጡብ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። ለብርቱካናማው የእግር ኳስ ክለብ ግን ከሀብታምነታቸው ደጋፊነታቸው ይበልጥ ነበር። በክብር ቦታው ስማቸው የተጻፈበት ለስላሳ ወንበር ተዘጋጅቶላቸው አንድም ቀን አልተቀመጡበትም። መኪናቸውን ሁለት መንገድ አልፈው ያቆሙና ከሕዝቡ ጋር ተጋፍተው ገብተው ከጎሉ ጀርባ ሲሚንቶው ላይ ይቀመጣሉ። ዳኛ ላይ አፋቸውን ሲከፍቱ ጉድ ነው፤ ጨዋታው ሲያልቅ ደግሞ መውጫው ላይ ጠብቀው ይቅርታ ይጠይቁታል። ጻድቅ ነበሩ አይባልም። አንድ ዓመት «ግብ ጠባቂውን እኔ ካልመረጥኩ» ብለው ከአሠልጣኙ ጋር ተኳረፉ። የመረጡት ልጅ በመጀመሪያው ጨዋታ አምስት ሲገባበት፣ እሳቸው በሀፍረት ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጡም።

ካፖርቱ ግራጫ ነው። ክለቡ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ዋንጫ ሲበላ የለበሱት እሱን ነበርና ከዚያ ወዲህ ያለ እሱ ስታዲየም አልገቡም። ፀሐይ አናት ስትበሳ እንኳ አያወልቁትም። ቅጽል ስማቸውም ከዚያው መጣ። ባለቤታቸው ግን «ወይ እኔ ወይ ይሄ ቡትቶ!» ብለው ቁርጡን ሲነግሯቸው ካፖርቱን በጋዜጣ ጠቅልለው ጋራዡ ድረስ አመጡትና ሰፊዋ ዘንድ ደበቁት። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይለብሱታል፤ ከጨዋታ በኋላ መልሰው ይሰቅሉታል።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ካፖርት መሆኑ ቀርቷል» ትላቸው ነበር። «ከእንግዲህ የቱ ጋ እንደምሰፋው እርስዎ ያሳዩኝ።»

«አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ። ዋንጫ ስንበላ አዲስ እገዛለሁ።»

«ዋንጫው እሱን አይቶ ነው የሸሸን!»

ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበሩ።

እሷም ብትሆን የዋዛ ደጋፊ አልነበረችም። ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ አሥራ አራቱን ዓመት የደጋፊውን ባንዲራ በሙሉ የሰፋችው እሷ ናት። ታዲያ ባንዲራው ሲፈለግ «እትዬ፣ ድረሽልን» ትባላለች፤ ስብሰባ ሲጠራ ግን ማንም ትዝ አትለውም። እሷም አልጠየቀችም። ያን ቀን ግን መቀሷን አስቀምጣ፣ ሳትጠራ ሄደች።

የደጋፊዎቹ ማኅበር ክፍል ከጸጉር ቤት በላይ ፎቅ ላይ ነው። ሊቀመንበሩም የጸጉር ቤቱ ባለቤት ነው፤ ነጭ ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ ወንበር ላይ ቆሞ «አንድ ባንድ! አንድ ባንድ!» እያለ ይጮኻል፤ የሚሰማው ግን የለም። ጡረታ የወጡት የስታዲየም በር ጠባቂ ጥግ ይዘው እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቃሉ። አንዱ «አለቀልን፣ ክለቡም አብሯቸው ተቀበረ» ይላል። ሌላው ጨዋታው ይራዘም ይላል። ቅዳሜ ደግሞ ቀላል ጨዋታ አይደለም፤ ከሰማያዊዎቹ ጋር ነው፤ ማሸነፍ ማለት ዋንጫ ማለት ነው። ወጣቶቹ ጥቁር ለብሰን ዘጠናውን ደቂቃ ዝም እንበል አሉ።

አንድ የማስታወቂያ ሠዓሊ የሟቹን ፊት በትልቅ ጨርቅ ላይ ልሣል ብሎ እዚያው በወረቀት ሞከረ። ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞሮ በር ጠባቂው ጋ ደረሰ። እንባቸውን ጠርገው ትክ ብለው አዩት።

«ይሄማ አማቴ ናቸው» አሉ።

ሐዘን ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳያስበው ሳቀ። ሰፊዋ ያቺን ቅጽበት ተጠቀመችባት።

«እኔ የምላችሁ» አለች። «ጋሼ ዝም ብለው ያዩት ጨዋታ አለ? አንድ ንገሩኝ! እሳቸውን ዝም ብለን ልንሸኛቸው ነው? ፊታቸውን ተዉት፤ እኔ ካፖርታቸውን እሰፋለሁ። ከጎሉ ጀርባ ያለውን ቦታ በሙሉ የሚሸፍን። ሃያ ሜትር።»

ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ወረደ። «በሁለት ቀን? ጨርቁስ ከየት ይመጣል?»

«ጨርቁን ለኔ ተወው። አንተ ሰው አምጣልኝ። ሲታዘዝ የማይከራከር ሰው።»

ጨርቁን በልቧ ይዛው ነበር። ባለፈው ወር ከአርባ አውቶቡስ የተገፈፈ ግራጫ የወንበር ልብስ ሊቃጠል መጋዘን ውስጥ ተከምሯል። የጋራዡ አለቃ ግን ጥርሱን የነቀለ የሰማያዊዎቹ ደጋፊ ነው።

«ለእናንተ ቡድን?» አላት መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። «ክር አልሰጥም!»

«ለቡድን ማን ጠየቀህ? ለሰውየው ነው።»

 አለቃው መሳቢያውን ሳበና የመጋዘኑን ቁልፍ አወጣ። «አንድ ጊዜ መኪናዬ ጭቃ ውስጥ ሲቀበር፣ በዚያ ካፖርታቸው ወርደው ገፍተውልኛል» አለ። «የሰማያዊዎቹን አርማ አይተው እየሰደቡኝ ነበር የገፉት።» ቁልፉን ሰጣትና የአውቶቡስ ማጠቢያውን አዳራሽም እስከ ቅዳሜ እንዲለቀቅላት አዘዘ።

ሐሙስ ከሰዓትና ዓርብ ሙሉ ቀን ሥራው ተጧጧፈ። ሾፌሮች በእረፍት ሰዓታቸው፣ ትኬት ቆራጮች ከፈረቃቸው ሲወጡ እየመጡ የታጠበው ሲሚንቶ ላይ ተንበርክከው ይሰፋሉ። ሊቀመንበሩ በጸጉር መቀሱ ጨርቅ ሲቆርጥ ያየችው ሰፊዋ «አንተ፣ አስተካክለው እንጂ አትላጨው!» ስትለው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለካፖርቱ ቁልፍ እንዲሆን አራት ጥቁር የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተበስቶ ተሰፋ። ክርኑ ላይ፣ እንደ እውነተኛው ሁሉ፣ ብርቱካናማ እራፊ ተጥፎበታል፤ መጠኑ በር ያህላል። እሷ ባዶ እግሯን ጨርቁ ላይ እየተራመደች ታዛለች፤ ሰውም ይታዘዛል። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያዋ ነበር። ደግሞ ደስ አላት፤ በሐዘን መሀል ደስ ማለቱ እያሳፈራት።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት አዳራሹ በር ላይ ቆመች። የሟቹ ልጅ ናት።

«ኃላፊው ማነው?» አለች። «አባቴን መሳቂያ ልታደርጉት ነው ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት።»

ሁሉም ወደ ሰፊዋ ዞረ። ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ተነሣች።

«ነይ፣ የኔ ልጅ። መጀመሪያ አንድ ነገር ላሳይሽ፤ ከዚያ ቅደጂው ካልሽ እቀደዋለሁ።»

ወደ ጠባቧ ክፍል ወሰደቻት። ልጅቱ ሚስማሩ ላይ ያለውን ስታይ ከቆመችበት ደርቃ ቀረች።

«ይሄ… እማዬ እኮ ተጥሏል ብላ ነበር።»

«እናትሽን ፈርተው እዚህ ደበቁት። ስድስት ዓመቱ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይለብሱታል።»

ልጅቱ ኮሌታውን ይዛ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። «ሁለት ልደቴ በኳስ ምክንያት አምልጦታል» አለች። «ኳስ የሚባል ነገር ጠልቼ ነው ያደግኩት። እኔ ልምጣ ብዬው ቢሆን ይወስደኝ ነበር?»

«ቦታ ይይዙልሽ ነበር። አጠገባቸው ሰው ሊቀመጥ ሲል ‹የልጄ ነው› ይላሉ። እኛማ ውሸት መስሎን እንስቅባቸው ነበር።»

ልጅቱ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ወደ አዳራሹ ተመለሰች። የተዘረጋውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ዞራ አየችና አንድ ቦታ ላይ ቆመች።

«እትዬ፣ ይሄ ኮሌታ ተገልብጦ የለም?»

 ሰፊዋ ሄዳ አየች። ተገልብጧል። የግማሽ ቀን ሥራ። ልጅቱ ጫማዋን አውልቃ ጨርቁ ላይ ተቀመጠችና «ምላጭ ስጡኝ» አለች። እያወራች ስትተረትር፣ እነሱ ከኋላዋ እየሰፉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረሱት።

ቅዳሜ ጠዋት ቀብሩ ሆነ። ብርቱካናማ የለበሰው ሕዝብ ከቤተሰቡ ኋላ በሥርዓት ቆሞ ሸኛቸው። ሲያበቃ ከዚያው በእግሩ ወደ ስታዲየም አመራ፤ ካፖርቱን ስድሳ ሰው ተሸክሞታል። የሟቹ ልጅ እውነተኛውን ለብሳ፣ እጅጌው ጣቷን አልፎ እየተንጠለጠለ፣ ከሰፊዋ ጎን ትሄዳለች።

ተጫዋቾቹ ወደ ሜዳ ሊገቡ ሲሉ ሰፊዋ «ሳቡ!» ብላ ጮኸች። ገመዱ ከላይኛው አጥር ተሳበ። ኮሌታው ተነሣ፤ ደረቱ ተነሣ፤ አራቱ ሳፋ ተራ በተራ ብቅ አሉ፤ ግራ እጅጌው ተዘረጋ። የቀኙ ግን አልተነሣም። ገመዱ ከታች ባለው የብረት መደገፊያ ላይ ተጠላልፎ ቀረ። ሰው ሁሉ ይጎትታል፤ ወይ ፍንክች። ሰፊዋ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፤ መደገፊያው ላይ ተንጠላጥላ ቋጠሮውን በጥርሷ ያዘችው። ሲፈታ ገመዱ በአንዴ ስለተለቀቀ እጅጌው ቱር ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ግዙፉ ካፖርት ለሕዝቡ እጁን አነሣ።

ስታዲየሙ ፈነዳ። በማዶ በኩል ሰማያዊዎቹ ሳይቀሩ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ከነሱ ውስጥ መጀመሪያ የተነሣው የጋራዡ አለቃ እንደነበረ ሾፌሩ በኋላ ምሎ ተናግሯል።

ጨዋታው ግን ርኅራኄ አልነበረውም። በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሰማያዊዎቹ አገቡ። ከጎሉ ጀርባ ያለው ሁሉ ወሽመጡ ተቆረጠ፤ ሊቀመንበሩ የድምፅ ማጉያውን ይዞ ቢያቃስት እንጂ ቃል አልወጣው አለ። ሰፊዋ ከእጁ ቀማችው። ምን እንደምትል አላሰበችበትም። «ማነው የሞተው?» ብላ ጮኸች። «እኛ ነን እንዴ የሞትነው? ተነሡ!» ተነሡ። እሷ ስትጠራ ሺው ይመልሳል፤ እሷ ስታጨበጭብ ሲሚንቶው ይንቀጠቀጣል። እንዲህ ያለ ድምፅ ጉሮሮዋ ውስጥ እንደነበረ እሷም አታውቅም ነበር።

በስድሳኛው ደቂቃ ግራ ተመላላሹ ከሩቅ መትቶ አቻ አደረገ። ከዚያ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ከለከለን ሲባል የሟቹ ልጅ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ወጥታ የተናገረችው ነገር እዚህ አይጻፍም። ተናግራ ስታበቃ ደንግጣ አፏን ያዘች። በር ጠባቂው ሽማግሌ ግን ፊታቸው በራ፤ «አባቷን ቁርጥ!» እያሉ ለጎረቤታቸው ሁሉ አወሩ። ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ከማዕዘን የተሻገረውን ኳስ ረጅሙ ተከላካይ በግንባሩ ገጨውና መረቡ ተወጠረ። ሁለት ለአንድ። ልጅቱና ሰፊዋ ተቃቅፈው ሦስት ደረጃ ተንከባለሉ፤ አንዳቸውንም እንኳ አላመማቸውም።

ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ዋንጫው መጣ። አምበሉ ከክብር ቦታው እንደተቀበለው ወደ ጎሉ ጀርባ ይዞት ሮጠ፤ መደገፊያው ላይ ወጥቶ «የሰፋችው የታለች?» አለ። ደጋፊዎቹ ሰፊዋን በትከሻቸው ተሸክመው አቀበሏት። ዋንጫውን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ስታነሣው ሕዝቡ ባንድ ድምፅ «እትዬ! እትዬ!» አለ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ባንዲራው ሲነሣ እሷ ከሥሩ ነበረች፤ ስታዲየሙ ከላይ ሲያዩት ምን እንደሚመስል ያን ቀን አየች። ሰፊ ነው። ያምራል።

ሁለት ወር ቆይቶ፣ አዲሱ የውድድር ዓመት ሳይጀመር፣ ማኅበሩ ለምርጫ ተሰበሰበ። ለዚህኛው ስብሰባ ሁለት ሰው ቤቷ ድረስ መጥቶ ነው የጠራት። ጸጉር አስተካካዩ ተነሥቶ «እኔ በቃኝ፤ እሷን ምረጡ» አለ። አንድም የተቃወመ እጅ አልታየም፤ የሟቹ ልጅ ሁለቱንም እጇን ነበር ያወጣችው። ንግግር አድርጊ ሲሏት አዲሷ ሊቀመንበር ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች።

«ንግግር አልችልም» አለች። «የመጀመሪያው ጨዋታ ከሜዳችን ውጪ ነው። አውቶቡሱ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። የዘገየ በእግሩ ይምጣ።»