በወርቅ የተጻፈው «አንደኛ እትም»

አሮጌ መጻሕፍት እሰበስባለሁ። አዳማ ውስጥ ይህን ሳወራ ሰው ቶሎ ሰዓቱን ያያል። ዓለም ጤና ከተማ ሽንኩርት የምትነግደው ታላቅ እህቴ ግን ትሰማኝ ነበር። ለገበያ በመጣች ቁጥር እኔ ጋ ታድራለች፤ እኔም እራቱ እስኪቀዘቅዝ ስለ መጀመሪያ እትም እሰብክባታለሁ።

አንድ ምሽት «ግን መጀመሪያ መሆኑን በምን ታውቃለህ?» አለችኝ። ደስ ብሎኝ መጽሐፍ አንስቼ ከርዕሱ ገጽ ጀርባ ያለውን አሳየኋት። በኋላ የታተመ ከሆነ «ሁለተኛ እትም»፣ «ሦስተኛ እትም» ይላል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ምንም አይልም፤ አሳታሚው ይደገማል ብሎ መቼ አሰበና! አባታችን እያነበበ ያስቀን የነበረውን ልቦለድ ለዓመታት ስፈልግ እንደኖርኩም ነገርኳት። የእሱን የመጀመሪያ እትም የሚለየው መሃሉ ላይ ተገልብጦ የታተመ አንድ «መ» ነው፤ በሁለተኛው እትም ታርሟል። ስለ ሽፋን ግን ምንም አላልኳትም። ቢቀደድም እንዳለ መቆየት እንዳለበት መንገር ነበረብኝ።

ባለፈው ፋሲካ ማግስት መጣችና ከፌስታል አንድ መጽሐፍ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«የአባባ ነው። ከድሮው ሳጥን ሥር አገኘሁት» አለች። «ሽፋኑ ተበጫጭቆ ነበር፤ እንደዚያ ሆኖ እንዴት ልስጥህ? ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጠርዙት ልጆች ጋ ወሰድኩት። ውስጡ ምንም እትም አይልም፤ እንዳልከው አንደኛ ነው ማለት ነው። ታዲያ ለምን ሳይጻፍ ይቀራል ብዬ አስጻፍኩልህ።»

ጥቁር፣ ጠንካራ ሽፋን። ላዩ ላይ በወርቅ ቀለም «አንደኛ እትም»። ዳር ዳሩ በማሽን ተከርክሟል፤ አባታችን በእርሳስ የጻፋት ማስታወሻ ሁሉ ግማሿ ሄዳለች። መሃሉን ገለጥኩ። «መ» ተገልብጣ ቁጭ ብላለች። እሱው ራሱ ነበር።

«ምነው እትዬ፣ ሳትጠይቂኝ!»

«አበላሸሁት እንዴ?»

«ኧረ በጭራሽ! በጣም ያምራል» አልኩ። ፊቴ ግን ቀድሞ ነግሯታል። ፌስታሏን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። በማግስቱ በባጃጅ ጠራዦቹ ጋ ደረስኩ፤ የድሮውን ሽፋን ከቅዳጅ ወረቀት ጋር ጠርገው ጥለውታል።

አሁን ሽፋኑ ብዙም አይቆጨኝም። እህቴ እስካሁን እየመጣች ታድራለች፤ ስለ ልጆቿና ስለ ሽንኩርት ዋጋ እናወራለን። ወሬው ወደ መጽሐፍ ሲዞር ግን ሳህን ልታነሳ ብድግ ትላለች። ያቺን «በምን ታውቃለህ?» የምትል ጥያቄዋን እንደገና ብሰማ፣ ያለኝን መጻሕፍት ሁሉ ባስጠርዝ አይከፋኝም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሚኒባስ ላይ ሳሳፍራት በመስኮቱ ብቅ አለችና፣ «ሳጥኑ ውስጥ ሌላም አሮጌ መጽሐፍ አለ» አለችኝ። «አይዞህ፣ አልነካሁትም። ስትመጣ ራስህ ታወጣዋለህ።»