ዝርግ ወይስ ፍርግርግ

ቤቴ ውስጥ ሥጋ ብረት ላይ ስለማይጠበስ የሚያሙኝ ዘመዶች አሉኝ። ይሙኝ። እኔ ቤት የመጣ እንግዳ ሥጋውን ከድስት ይበላል፤ ጮማው እሳት ላይ እየተንጠባጠበ ቸስ ሲል መስማት ያማረው ሆቴል ይሂድ። ነገሩ ስስት የሚመስላቸው አሉ። ስስት አይደለም። በጃንሆይ ዘመን፣ ሰበታ ስንኖር፣ በአንድ ምድጃ መሀል ምን ዓይነት ብረት ይግባ ብለን አንድ ሳምንት ሙሉ ተጣልተናል፤ ያኔ ያልኩትን ዛሬም እላለሁ።

ባለቤቴ እዚያው ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ቤታችን ሠራተኛው ወደ ፋብሪካው በር በሚያልፍበት መንገድ ዳር ስለነበረ፣ ጠዋት ጠዋት ቂጣ እየጋገርኩ በራችን ላይ እሸጣለሁ። ማድቤታችን ጓሮ ያለች ጠባብ ጎጆ ናት፤ ሦስት ጉልቻ፣ የሸክላ ምጣድ፣ የቀረው ጭስ ነው። ከዚያ ጭስ ውስጥ ዓይኔን እያሻሸሁ እወጣለሁ፣ ሰዉ ቆሞ ይጠብቀኛል። ደረቁን የሚወስድ ይወስዳል፤ ጨጨብሳ ያማረው ቂጣውን ቆራርሼ በበርበሬና በቅቤ እለውስለታለሁ። ያ በር የእኔ ነበር። ለጨውም ለሳሙናም ብዬ እጄን ወደ ባሌ ዘርግቼ አላውቅም። ያደግሁት ሱሉልታ ከገበሬ ቤት ነው፤ እናቴ ወተቷን ራሷ ተሸክማ፣ ራሷ ሸጣ፣ ራሷ የፈለገችውን ይዛ ትመለስ ነበር። ሴት የራሷ የምትለው ነገር ሳይኖራት ቤት ታሞቃለች የሚሉት ነገር ያኔ አልገባኝም፣ አሁንም አይገባኝም።

ቤት ውስጥ ሦስት ነበርን፤ እኔ፣ ባለቤቴና እናቱ። እናቱን እማማ እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ባላቸው ሞቶባቸው፣ አንድ ልጃቸውን አዝለው ከሰሜን የመጡ ኩሩ ሴት ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጥጣቸውን ይፈትላሉ። በጾም ደግሞ ቀልድ አያውቁም። የጾም ድስታቸው ከሌላው ዕቃ ተለይታ ተሰቅላ ትቀመጣለች፤ እኔ እንኳ ሳላስፈቅድ አልነካትም። እኔን የሚጠሩኝ "የሱሉልታ ልጅ" ብለው ነው። ሲቆጡም ያው፣ ደስ ሲላቸውም ያው ስለሆነ፣ የቱ እንደሆነ ለመለየት ፊታቸውን ማየት ነበረብኝ።

ባለቤቴ የመጋዘን ሹም ተብሎ በተሾመ በወሩ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ደስ ብሎት ገባ።

"የብረት ምድጃ አዝዤልሻለሁ" አለኝ። "ቡራዩ አንድ ጎበዝ በያጅ አለ። ሁለት ድስት ይጥዳል፣ በጎኑ ዳቦ መጋገሪያ አለው፣ ጭሱ በቱቦ በጣሪያ በኩል ይወጣል።"

እውነቴን ነው፣ ልስመው ቃጥቶኝ ነበር።

"መሀሉ ላይ ደግሞ" አለ፣ "የሥጋ መጥበሻ ፍርግርግ አብሮ ይበየድበታል። ፈረንጁ አለቃዬ ቤት ያየሁት ነው። እንግዳ ሲመጣ እዚያው ፊቱ ጠብሶ ማቅረብ ነው።"

"በፍርግርጉ ፈንታ ዝርግ ብረት ቢሆንስ? ቂጣ የምጋግርበት።"

"በያጁም ዝርግ ወይስ ፍርግርግ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ቦታው ለአንድ ብቻ ነው የሚበቃው። ፍርግርግ አልኩት።"

"ታዲያ ቂጣዬን የት ልጋግረው?"

"የምን ቂጣ? ምድጃው ሲመጣ ጉልቻው ይነሳል። የመጋዘን ሹም ሚስት በር ላይ ቂጣ ትቸረችራለች ሲባል መስማት አልፈልግም። ይበቃሻል፣ አሁንስ ዕረፊ።"

ዕረፊ! ዕረፍት ማን ጠየቀ? እኔን የሚያህል ሰው ቁጭ ብሎ የእንግዳ ሥጋ ሊያገላብጥ? ወደ እማማ ዞር አልኩ፤ እንዝርታቸውን እያሾሩ ነበር።

"ልጄ እውነቱን ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "በር ላይ መቆም ለሹም ሚስት አይሆንም።"

እሑድን ተኮራርፈን ዋልን። ሰኞ ቂጣዬን ሸጬ እንደጨረስኩ ነጠላዬን ጣል አደረግሁና እማማን "ቡራዩ ልሄድ ነው" አልኳቸው። ማንን አስፈቅደሽ ሲሉኝ መንገድ ላይ ነበርኩ። በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገብቼ፣ ከዚያ በአምቦ መንገድ በሌላ አውቶቡስ ቡራዩ ወረድኩ። የበያጁን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ የመዶሻው ድምፅ ከመንገድ ይሰማል።

በያጁ ሽበት የጣለባቸው፣ ክንዳቸው እሳት የጠባበሰው ሰውዬ ናቸው። በኦሮምኛ "ኦቦ፣ አካም ጅርቱ?" ብዬ ደኅንነታቸውን ስጠይቅ ፊታቸው በራ። "ነጋ፣ ኢንተላ ኮ"፣ ደኅና ነኝ ልጄ ብለው በርጩማ ሰጡኝ። ማን እንደሆንኩና ምን እንደፈለግሁ ነገርኳቸው። የእኛ ምድጃ በከፊል ተሠርቶ ቆሟል፤ መሀሉ ላይ ትሪ የምታህል ቦታ ክፍት ናት። ሁለት እጄን ዘርግቼ ለካኋት፤ ለአንድ ቂጣ ልክክ ትላለች።

"ያዘዘኝ ባልሽ ነው" አሉኝ። "ያለ እሱ ቃል መቀየር አልችልም፣ ልጄ። ነገ መጥቶ ቢጣላኝስ?"

እውነታቸውን ነው። ግን እግሬ ለመሄድ እንቢ አለኝ። ግድግዳው ላይ ለአንድ ሆቴል የሠሩት ፍርግርግ ተደግፏል።

"ኦቦ፣ በዚህ ላይ ሥጋ ሲጠበስ ጮማው የት ይገባል?"

"እሳቱ ውስጥ ነዋ፣ የት ሊገባ" አሉኝ ብረት መሞረዳቸውን ሳያቆሙ።

"ጭሱስ?"

"እሳቱ አንድ አይደለም? ጭሱ በሁለቱም ድስቶች ሥር ዞሮ ነው ወደ ቱቦው የሚሄደው።" ይህን ብለው ድንገት ሞረዳቸውን አቆሙ፤ የእኔም ሐሳብ እዚያው ጋ ደርሶ ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ የቀሩት ጥቂት ሳምንታት ናቸው። "እናንተ ቤት ጾም ይጾማል?"

"አማቴን ባወቋቸው!"

ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። "እኔ እንደዚህ ያለውን የሠራሁት ለሆቴልና ለፈረንጅ ነው። ለጾመኛ ቤት ሠርቼ አላውቅም። ተበይዶ የገባ ነገር ደግሞ ወጥቶ በአመድ አይታጠብ! ባልሽ ይህን አላሰበውም?"

"ባሌ ያየው የአለቃውን ቤት ነው።"

"እስከ ቅዳሜ ቦታውን ክፍት አቆየዋለሁ" አሉኝ። "ከቤታችሁ አንድ ቃል ይዛችሁ ኑ።"

ማክሰኞ ነገሩን ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ ከእሱ ጋር ማውራት ትርፉ ድካም ነው። እማማ ፊት ተቀመጥኩና ጮማው የት እንደሚንጠባጠብ፣ ጭሱ በየት ዞሮ እንደሚሄድ፣ ብረቱ እንደማይነቀል አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እንዝርታቸው ቆመ።

"የእኔ የጾም ድስት በሥጋ ጭስ ላይ ልትጣድ?"

"ሌላ እሳት የለማ፣ እማማ። ጉልቻው ይነሳል ተብሏል።"

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። "የአንቺስ ቂጣ? ቅቤ በቅቤ አይደለም እንዴ?"

"ቅቤው ብረት አይነካም። ምጣዱ ላይ የሚያርፈው ዱቄትና ውኃ ብቻ ነው፤ ከቅቤው የሚገናኘው ከወረደ በኋላ ገበቴ ውስጥ ነው። ካላመኑኝ ይዩ።"

አላመኑኝም። ረቡዕ ጠዋት በርጩማቸውን ይዘው መጡና በማድቤቱና በበሩ መሀል ተቀመጡ። ረቡዕ ጾም ስለሆነ በዘይት ነበር የምለውሰው። ሐሙስ ቅቤው ወጣ። እሳቸው ምጣዱ ትንሽ እስኪበርድ ጠብቀው የነጠላቸውን ጫፍ አሻሹበትና አሸተቱት። አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ "አካም ቡልተን፣ እማማ" አላቸው።

"ምን አለኝ?"

"እንዴት አደሩ ነው የሚልዎት።"

"እግዜር ይመስገን በይልኝ" አሉ፤ ነጠላቸውንም አስተካከሉ። ዓርብ ዕለት እኔ ውኃ ልቀዳ ገባ ስል ቂጣ ለአንዱ ራሳቸው ሲያነሱለት አየሁ፤ እንዳላየ ሆኜ ተመለስኩ።

ሰዉ ካለፈ በኋላ ጠሩኝ። "እውነትሽን ነው፣ ዝርጉ ንጹሕ ነው። ለልጄ እነግረዋለሁ፣ ዝርጉ ይገባል። አንቺ ደግሞ ለእኔ ስትዪ መሸጡን ተዪው። ለቤት እየጋገርሽ ተቀመጪ።"

ደሜ ፈላ። እሺ ብል ምድጃ አለኝ፣ ብረት አለኝ፣ ከእማማም ፍቅር አገኛለሁ። ግን ምን ሆኜ? ያን ጊዜ ያወጣሁትን ቃል ዛሬም አልጸጸትበትም።

"እንግዲያው ፍርግርጉ ይግባ፣ እማማ። የማልሸጥበት ብረት አያስፈልገኝም። እርስዎም በሥጋ ጭስ ይጹሙ። እኔ ጉልቻዬን ተሸክሜ መንገዱ ዳር እተክለዋለሁ፤ የመጋዘን ሹም ሚስት በሜዳ ስትጋግር አገሩ ይይ!"

"ዓይን አውጣ!" አሉኝ። ወደ ቤት ገብተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መፍተል ጀመሩ። ለአማት እንዲህ አይባልም፣ አውቃለሁ። ግን ይቅርታ አልጠየቅሁም።

ቅዳሜ ባለቤቴ ከሥራ መጥቶ ወደ ቡራዩ ሊወጣ ሲል፣ እማማ ጋቢያቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። "እኔም እሄዳለሁ" አሉት። ወደ እኔ ሳያዩ "እሷም ትምጣ" አሉ። በመንገዱ ሁሉ በልቤ ጉልቻዬን የት እንደምተክለው እያሰብኩ ነበር።

በያጁ ሦስታችንን ሲያዩ ሞረዳቸውን አስቀመጡ። ባለቤቴ "እንግዲህ ፍርግርጉን..." ከማለቱ እናቱ ቀደሙት።

"ዝርግ ይሁን።"

"እማዬ!"

"ፍርግርግህን አለቃህ ቤት ሄደህ ብላበት። እኔ ሽሮዬን በሥጋ ጭስ አላበስልም።" ከዚያ ወደ ምድጃው ጠጋ ብለው ክፍቱን ቦታ በስንዝራቸው ለኩት። "ይህ ጠባብ ነው። አስፉት። ሁለት ቂጣ ባንዴ የሚይዝ ይሁን።"

በያጁ ግራ ገባቸው። "ስንት ሰው ናችሁ፣ እናቴ?"

"ሦስት።"

"ለሦስት ሰው ሁለት ባንዴ ይበዛል። አንዱ ይበቃችኋል።"

"ቤቴን እኔ አውቃለሁ" አሉ እማማ። "አስፉ ሲባሉ ያስፉ።"

ባለቤቴ እናቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ብረቱን አየ። ከዚያ ለበያጁ "እሺ፣ ያስፉት" አላቸው። እኔ እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ፤ የበያጁ ቤት ጭስ ነው ያለ ይበል።

ስንመለስ ባለቤቴ አኩርፎ ከፊት ተቀመጠ። እማማ አጠገቤ ነበሩ። የከተማው ቤት አልቆ የሰበታ መንገድ እርሻ ሲጀምር፣ መስኮቱን እያዩ "ይሄን ልጅ ፈትል እየሸጥኩ ነው ያሳደግሁት" አሉኝ።

"አላውቅም ነበር።"

"እሱም አያውቅ። በጓሮ በር ነበር የምሸጠው፤ ሰው እንዳያየኝ።"

ሰኞ ጠዋት ሰዉ ለቂጣ መሰብሰብ ሲጀምር እማማ በርጩማቸውን ይዘው ወጡ። በፊት በር፣ ከመንገዱ አፍ ላይ ተቀመጡ፤ ከነጠላቸው ሥር እንዝርታቸውን አወጡና መፍተል ጀመሩ።