አማት ሲመጡ የተዋሱት ሶፋ

ከፈለ ፍሪጅና ኤርኮንዲሽን ጠጋኝ ነው። በ2001 በዲቪ አሜሪካ መጥቶ፣ ቀን ፓርኪንግ እየሠራ ማታ ተምሮ ላይሰንሱን አወጣ። ከዚያ ወዲህ ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ፌርፋክስ ያልገባበት የሬስቶራንት ጓዳ የለም ማለት ይቻላል። ሰርግ ላይ ሆኖ ስልኩ ከጠራ የአንድ ሰው ሥጋ ሊበላሽ ነው ማለት ስለሆነ፣ ኬኩ ሳይቆረስ ክራቫቱን ኪሱ ከትቶ ይወጣል። በነጩ ቫኑ ውስጥ እያንዳንዱ መፍቻ የራሱ ማንጠልጠያ አለው። አንድ ጠባይ ብቻ አለችው፦ ማሽን ፈታትቶ ሳለ ሰው እንዲያይበት አይወድም። የቤቱ ባለቤት አንገቱን ብቅ ካደረገ፣ "ችግር የለም፣ ሲያልቅ እጠራዎታለሁ" ብሎ በሩን መለስ ያደርጋል። ጠባዩ ለሬስቶራንት ጓዳ ጥሩ ነው። ለአማት ግን አልሆነም።

በ2011 ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ዛምቢያ ውስጥ ላለ አንድ የሚሲዮን ሆስፒታል ሰው ፈለገች። ሰባኪ ቢባል እጅ የሚያወጣ አይጠፋም ነበር። የተፈለገው ግን የክትባት ፍሪጆችንና ጄኔሬተሩን የሚጠብቅ ባለሙያ ነው። ማስታወቂያው ሲነበብ ጉባኤው በሙሉ ዞሮ ከፈለን አየ። ከፈለ ዞሮ ሚስቱን ብሩክታይትን አየ። ዊተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራ የነበረችው ብሩክታይት ቀድማው በእሺታ ራሷን ነቅንቃለች።

የቀሩት እናቷ ብቻ ነበሩ።

ወይዘሮ ሸዋረገድ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ሆቴል ውስጥ አልጋ በማንጠፍ ጀምረው የክፍል ተቆጣጣሪ ሆነዋል። ጽዳት ሠራተኛዋ "ጨርሻለሁ" ስትል እሳቸው በር ላይ ይቆማሉ፤ አንዴ ዞር ብለው ያያሉ፤ አልጋው ሥር የቀረችውን አንዲት ካልሲ ከበሩ ላይ ሆነው ያውቋታል። የልጃቸውን መሄድ ሲሰሙ የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ሁሉ ቤታቸው አስቀምጠው እንዲህ አሉ፦

"ሁለት ዓመት ፈቅጃለሁ። ሁለት ዓመቱ ሲያልቅ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ልጄን ተጎሳቁላ ካገኘኋት ይዣት እመለሳለሁ። አንተም ከፈለግህ ትከተላለህ።"

"እሺ እትዬ" አለ ከፈለ። "የመጨረሻው ቃል የእርስዎ ይሁን።"

ሽማግሌ ፊት የተባለ ነገር ስለሆነ ታሰረ ማለት ነው።

ሁለት ዓመቱ አለቀ። ሆስፒታሉ ሦስት ዓመት ጨምሩልን አለ። ከፈለ ሁለት የሆስፒታሉን ሠራተኞች ጥገና እያስተማረ ነው፤ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናቸው። የወላዶች ክፍል ውስጥ ደግሞ ያለ ብሩክታይት ሥራ አይጀመርም። ሁለቱም መቆየት ይፈልጋሉ። ግን ወይዘሮ ሸዋረገድ ቲኬት ቆርጠዋል፤ ቤቱ ደግሞ ባዶ ነው።

ባዶ ስል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት ፕላስቲክ ወንበር ማለቴ ነው። በስልክ እስካሁን ውሸት አልተወራም። እናትየው "ፍሪጅ አላችሁ?" ይላሉ። "አለን" ይላል ከፈለ። "ይሠራል?" "አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም።" እውነት ነው። ፍሪጁ ግን ያለው ላቦራቶሪ ነው። የላቦራቶሪው ፍሪጅ ሞተሩ ላይጠገን ሲቃጠል፣ ከፈለ የራሱን ፍሪጅ ከቤት ነቅሎ በጋሪ ወስዶ ተከለው። የፍሪጅ ባለሙያው ቤት ውሃ የሚቀዘቅዘው በእንስራ ነው።

እናትየው ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው ከፈለ ጋሪውን መልሶ አወጣ። ከጎረቤቱ ከትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከሙሌንጋ ባለ ሦስት መቀመጫ ቡናማ ሶፋ ተዋሰ። ከዋና ነርሷ ከሲስተር ቻንዳ ፍሪጅ ተዋሰ። ከእንግዳ ማረፊያው አልጋ ከነፍራሹ መጣ።

"እማዬን ታውቃታለህ?" አለች ብሩክታይት፣ ሶፋው በበሩ አልገባ ብሎ ሲታገል እያየች።

"አውቃቸዋለሁ። ለዚህ እኮ ነው የምለፋው።"

"እውነቱን ብንነግራት አይሻልም?"

"ሲያልቅ ያያሉ።"

"ምኑ ሲያልቅ ከፈለ?"

ከፈለ ሶፋውን አጋደመና አስገባው።

ወይዘሮ ሸዋረገድ በሁለት ሻንጣ ሽሮ፣ በርበሬና ነጫጭ የሆቴል አንሶላ ይዘው ደረሱ። ልጃቸውን አገላብጠው ሳሙ፤ ክንዷን ጨበጥ አድርገው ሥጋዋን ለኩ። ከዚያ ሳሎኑ በር ላይ ቆመው አንዴ ዞር ብለው አዩ። ዓይናቸው ሶፋው እግር ላይ ትንሽ ቆየ።

"ጥሩ ነው" አሉ።

ከፈለ ተነፈሰ። ብሩክታይት ግን ጓዳ ገብታ ግንባሯን ያዘች። "ጥሩ ነው ስትል እኮ ነው ሆቴሉ ውስጥ ሰው የሚባረረው።"

በዚያው ዕለት ወደ ማታ በሩ ተንኳኳ። ሙሌንጋ ነው። ከሥራ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ መስማት የዘመናት ልማዱ ነው፤ ቤቱ ገብቶ መቀመጫ ሲያጣ እግሩ ራሱ ወደ ከፈለ ቤት አመጣው። እንደ አገሩ ደንብ በርከክ ብሎ መዳፉን በቀስታ እያጨበጨበ ሰላምታ ሰጠ። "አምቡያ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለ፤ አያት እንደማለት ነው። ከዚያ ሄዶ ሶፋው ጥግ ላይ፣ ሁልጊዜ በሚቀመጥበት በኩል ተቀመጠ። ሬዲዮውንም ይዞ መጥቷል።

ወይዘሮ ሸዋረገድ በሆቴል እንግሊዝኛቸው "ሀው ሜይ አይ ሄልፕ ዩ ሰር?" አሉና መልስ ሳይጠብቁ ሽሮ አቀረቡለት። ሙሌንጋ ጠግቤያለሁ አለ። እሳቸው ጨመሩለት። በቃኝ አለ። ጨመሩለት። ሙሌንጋ በዚህ ቤት "በቃኝ" ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ አቅቶት እስኪያልበው በላ።

በነጋታው ሲስተር ቻንዳ መጣች። ሰላም ብላ በቀጥታ ጓዳ ገባችና ፍሪጁን ከፍታ ዓሣዋን አወጣች። ከሰዓት ተመልሳ ማርጋሪኗን ወሰደች። ማታ ሙሌንጋ ከነሬዲዮው መጣ።

"ደግ ጎረቤቶች ናቸው" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። "በየቀኑ ይጠይቋችኋል።"

"አዎ፣ በጣም ይወዱናል" አለ ከፈለ።

"ይቺ ቻንዳ ደግሞ ፍሪጃችሁን ከእናንተ በላይ ታውቀዋለች።"

"ችግር የለም እትዬ፣ ቤተሰብ ማለት ናት።"

"አየሁ። በሩ ሲያስቸግር በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ነው የምትከፍተው።"

ብሩክታይት ሳቋን ለመደበቅ ውሃ ልቅዳ ብላ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናትየውና ቻንዳ በረንዳ ላይ ለውዝ እየፈለፈሉ ረዥም ወሬ ያዙ። ከፈለ በአጠገባቸው ሲያልፍ ዝም ይላሉ። ሲርቅ ይስቃሉ። ሰውየው ጄኔሬተር በድምፁ ብቻ ምን እንደጎደለው ያውቃል፤ ይህን ግን አላወቀም።

ሐሙስ ዕለት ሙሌንጋ በጠራራ ፀሐይ መጣ። ሬዲዮ አልያዘም፤ አልተቀመጠም። በርከክ ብሎ አጨበጨበ። ስለ ዝናብ አወራ። ስለ በቆሎ አወራ። እንደገና ስለ ዝናብ አወራ። ሶፋውን ያያል፤ ከፈለን ያያል፤ መሬት ያያል።

ከፈለ ነገሩ ገባውና ወደ በሩ ፈጠን አለ። "ዳይሬክተር፣ ቆይ ውጭ እናውራ።"

"ከፈለ" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ።

"አቤት እትዬ።"

"በዚያ በኩል ያዝ።" ከሶፋው ተነስተው አንዱን ጫፍ አንስተዋል። "ሰውየው ቅዳሜ አማቾቹ ሊመጡበት ነው። ምን ላይ ያስቀምጣቸው?"

ሙሌንጋ አማርኛ ባይሰማም የተነሳውን ጫፍ አይቷል። አንድ ጊዜ ብቻ አጨበጨበ፤ የምስጋና ይሁን የድንጋጤ አልታወቀም።

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"ወገብህን ሳይሆን ጉልበትህን እጠፍ። ዘወር፣ ወደ ግራ። የበሩን ቀለም እንዳትነካ፤ ስታስገቡት ነክታችሁታል፣ ይኸው።"

ሶፋው ግቢውን አቋርጦ ሲሄድ ሕሙማን የሚጠብቁ ቤተሰቦች ሁሉ ቆመው አዩ። እናትየው ከፊት ሆነው መንገድ ያስለቅቃሉ። ሙሌንጋ ቤት ሲደርሱ በር ላይ ቆመው አንዴ ዞር ብለው አዩና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ለአማቾቹ አልጋ ከሻንጣቸው ያመጡትን ነጭ አንሶላ አነጠፉ፤ ጥጎቹን እንደ ፖስታ አጥፈው ወተሩት። የሙሌንጋ ሚስት ሊተኙበት ያሳዝናል አለች።

ከፈለ ቤት ሳሎኑ ባዶውን ቀረ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ፕላስቲክ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ከመቼ ጀምሮ አወቅሽ?" አለች ብሩክታይት።

"ከበሩ ላይ። ወለሉን ቀይ ሰም ትቀቡታላችሁ። ቆይቶ የተቀመጠ ሶፋ እግሩ ሥር ሰሙ ይቆሽሻል። ይሄ ተጎትቶ የገባበት ጭረት ነበረው። የቀረውን ቻንዳ ነገረችኝ። ፍሪጃችሁ የት እንዳለም ነግራኛለች።"

ከፈለ ሁለተኛው ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ቆሞ ነው። "ያልነገርንዎት እንዳያዝኑ ብለን ነው።"

"እንዳላዝን ነው ወይስ እንዳልወስዳት?"

"ሁለቱም" አለ፣ ወለሉን እያየ።

"እሺ፣ እሱ ደህና መልስ ነው። አሁን እኔ ልጠይቅ። አንቺ፣ እዚህ ትተኛለሽ?"

"እተኛለሁ እማዬ። ከዊተን ሥራ ጠዋት ስገባ ደክሞኝም እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር። እዚህ ራት ሳልጨርስ ነው የምወድቀው።"

"ክንድሽ ቀጥኗል።"

"ጠንክሯል እንጂ አልቀጠነም። አንዴ እንደገና ያዢው።"

እናትየው ያዙት። መልሰው ለቀቁት። "አሌክሳንድሪያ ኮሪደሩ ማዶ የምትኖረውን ሴትዮ ስሟን እስካሁን አላውቅም" አሉ። "አማች ሊመጣብኝ ነውና ሶፋሽን ስጪኝ ብላት ፖሊስ ነው የምትጠራው።" ከዚያ ወደ ከፈለ ዞሩ። "አስብበታለሁ" አሉት። "እስክናገር ድረስ ከኔ ጋር ስለዚህ ነገር አታውራ። ደግሞ የቻንዳን ፍሪጅ ዛሬውኑ መልስላት፤ ዓሣ ይዛ ስትመላለስ እግሯ ቀጠነ።"

ከፈለ እስከ ቅዳሜ አልተናገረም። በተበላሸ ቁጥር እያናገረ የሚጠግነውን ጄኔሬተር እንኳ ዝም ብሎ ነው የጠገነው።

ቅዳሜ የሙሌንጋ አማቾች ከካብዌ መጡ። ሙሌንጋ አንድ የተከበረ ትልቅ ሰው አብሮኝ ይቀበልልኝ ብሎ ወይዘሮ ሸዋረገድን ለመነ። እሳቸውም ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጡት ሽማግሌ፣ ከሙሌንጋ አማት ጎን ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

ሽማግሌው መቀመጫውን መታ መታ አደረጉት። "ጥሩ ሶፋ ነው። ብዙ የተቀመጡበት አይመስልም።"

ሙሌንጋ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እሱ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚወጣው" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ። "እኔ ራሴ ተቀምጬበት አውቃለሁ፤ በጣም ይመቻል።" ብሩክታይት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ምግብ ሊቀርብ ሲል ከፈለ ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዞ ዞረ። አማች ነውና ማስታጠቡ ለሱ ደረሰ። ለሽማግሌው አፈሰሰ፤ ወደ እናትየው ዞረ። እሳቸውም እጃቸውን ዘረጉ።

"እነዚህ ልጆችዎ" አሉ ሽማግሌው፣ "መቼ ነው ወደ አሜሪካ የሚመለሱት?"

ከፈለ ማፍሰስ ጀምሯል። ዓይኑን ከማንቆርቆሪያው አፍ አላነሳም።

"ሦስት ዓመት ይቀራቸዋል" አሉ ወይዘሮ ሸዋረገድ፣ እጃቸውን እያሹ። "ሁለት ሰው እያስተማረ ነው፤ አልጨረሰም። እሷም ሥራዋን ይዛለች።"

"የእናት አንጀት ይህን ያህል ይችላል?"

"አይችልም። እየመጣሁ አያቸዋለሁ።"

ሽማግሌው በርከክ ለማለት ጉልበታቸው ስለማይፈቅድ ከተቀመጡበት አጨበጨቡ፤ የቤቱ ሰው ሁሉ አብሯቸው አጨበጨበ። ከፈለ ግን ሁለት እጁ ተይዟል። እንደቆመ ቀረ፤ ውሃው ይወርዳል፤ ሳህኑ ሞልቶ ነጭ ነጠላቸው ጫፍ ላይ መፍሰስ ጀመረ።

"ከፈለ" አሉ እናትየው በአማርኛ፣ ቀስ ብለው። "እጄ ጠርቷል። የግቢውን የውሃ ታንከር ልትጨርሰው ነው።"