አንድ ትኬት ለሁለት ልጆች

ከወገዳ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶብስ በቀን አንድ ብቻ የነበረ ጊዜ ነው። ልጄ ደብረ ታቦር ኮሌጅ ደርሷት ምዝገባው በማግስቱ ይዘጋል ተባለ። ጎህ ሲቀድ ወጥቼ ትኬት ለመቁረጥ ተሰለፍሁ። ተራው እኔ ላይ ሲደርስ ቆራጩ «የመጨረሻዋ ናት» ብሎ ሰጠኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤቴ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ልጄን ክርስትና ያነሳቻት እሷ ናት። የሷም ልጅ እዚያው ኮሌጅ ደርሷት ነበር።

«ለልጄ ትኬት አጣሁ» አለችኝ። «ልጆቹ እንደሁ ቀጫጭን ናቸው። አንድ ወንበር አይበቃቸውም?»

«ቢያስወርዷቸውስ?»

«አንቺ ደግሞ፣ ገና ሳይሳፈሩ ታስወርጃቸዋለሽ።»

የልጄን የክርስትና እናት እምቢ ማለት አልሆነልኝም። አብረን ሄደን የአውቶብሱን ረዳት ጠየቅነው። መጀመሪያ «ትርፍ ሰው አንጭንም» አለ። ጎረቤቴ ስትለማመጠው ለዘብ አለ። «መካነ ኢየሱስ መግቢያ ላይ ትራፊክ አለ። ትኬት ያላት ትቀመጣለች። ትርፏ ወርዳ በእግሯ ታልፍና ማዶ እንጭናታለን።»

«ረስታችኋት ብትሄዱስ?»

«እናቴ፣ ዶሮ መሰለችሽ እንዴ የምንረሳት?»

ማታ ትኬቷን የት ላድርጋት ብዬ ተጨነቅሁ። ኪስ ይሰረቃል፣ ከደብተር መሃል ይወድቃል። ልጄ አንገቷ ላይ ክፉ እንዳይነካት በክርስትና ስሟ የተጻፈላት ክታብ ነበራት። ትኬቷን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቁጥሯ ብቻ እንዲታይ አድርጌ፣ ከክታቡ ጋር አጥብቄ ሰፋኋት። የምትቀመጠው ልጄ መሆኗን ሁሉም እንዲያየው ነው።

ጠዋት መናኸሪያው ላይ ጎረቤቴ አይታ ሳቀች። «ትኬቷንም ክርስትና አነሳሻት?»

አውቶብሱ ከሄደ በኋላ እጄ ሥራ አልይዝ አለኝ። ገብስ ልፈትግ ሙቀጫውን አቀርብና እተወዋለሁ። ወጣ እላለሁ፣ እገባለሁ። አሁን የት ደረሱ? ዝናብ ሲጥል ደግሞ ጭቃው መጣብኝ። ከሰዓት በኋላ ስልክ ያለው ባለ ሱቅ በረንዳ ላይ ሄጄ ጠበቅሁ። ጎረቤቴም እንዝርቷን ይዛ መጣች። እሷ ትፈትላለች፣ እኔ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ።

«ኧረ አንድ ቦታ ተቀመጪ፣ ራሴን አዞርሽው» አለችኝ።

ስልኩ ሲጮኽ ቀድሜ አነሳሁት። የጎረቤቴ ልጅ ናት።

«ልጄስ?» አልኋት።

«አለች፣ እትዬ። ደህና ገባን፣ ተመዘገብንም።»

«የወረደችው ማናችሁ ናት?»

«እሷ ናት። አዲሱ ጫማ እግሬን ልጦኝ መርገጥ አቃተኝ። ትኬቷን ልታወጣ ብትል ስፌቱ እምቢ አለ፤ ክታቡን እንዳለ አውልቃ እኔ አንገት ላይ አሰረችው።»

ልጄ በባዶ አንገቷ፣ ለብቻዋ፣ በማታውቀው ከተማ ስትሄድ ታየኝ። ልጄ ስልኩን ተቀበለቻት።

«እማ፣ ምንም አልሆንሁም። እንዲያውም እኔ ነኝ ቀድሜ የጠበቅኋቸው።»

«በይ አሁኑኑ ክታብሽን ተቀበያት።»

«ነገ እቀበላታለሁ። ለየብቻ ክፍል ነው የሰጡን። እሷ ከማታውቃቸው ጋር ልታድር ነው፣ ፈርታለች።»

ስልኩን ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ሌሊቱን ግን ሁለቱም ልጆች ከዓይኔ አልጠፉ አሉ፤ የኔዋ ያለ ክታብ፣ ያቺኛዋ በሰው ስም በተጻፈ ክታብ።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ክታብ የሚጽፉልንን የኔታን ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቅኋቸው።

«የኔታ፣ አንድ ክታብ ይጻፉልኝ።»

«የልጅሽ ጠፋ?»

«አልጠፋም፣ ጓደኛዋ አንገት ላይ ነው።»

«በልጅሽ ስም የተጻፈው?» ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ለባለቤቱ ይመለስ። ለጓደኛዋ የራሷን እንጽፍላታለን። የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

ጎረቤቴ የልጄን ስም ከጥምቀቷ ቀን ጀምሮ ታውቀዋለች። እኔ የልጇን ጠይቄ አላውቅም።

«የኔታ፣ ትንሽ ይጠብቁኝ» አልኋቸውና ነጠላዬን እየሰበሰብሁ ወደ ጎረቤቴ ቤት ሮጥሁ።